ስለ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አመሠራረትና ስለ ተማሪዎቹ ኑሮ

ባለፈው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ማግሥት አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ደጃፍ ቆማ ታለቅስ ነበር። ውጤቷ ከክፍሏ ከፍተኞች አንዱ እንደ ነበረ ስለማውቅ ያስለቀሳት ውድቀት አለመሆኑን ተረድቼ «ምን ሆነሻል?» ብላት «ቲቸር፣ ሐረማያ ደረሰኝ፤ እናቴም ከትናንት ጀምራ እንባዋ አልቆመም» አለችኝ። «ስለ ቦታው ምን ታውቂያለሽ?» ስላት ጥቂት አሰብ አድርጋ «ሩቅ መሆኑን» ስትል መለሰችልኝ። ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበራትም።

እኔ ግን በዚያ ቦታ ከ1989 እስከ 1992 ዓ.ም. አራት ዓመት ተቀምጬ ባዮሎጂ ተምሬበታለሁ። ያን ቀን የነገርኋት ጥቂት ነበር፤ ደወሉም ተደወለብን። ስለዚህ የመጽሔታችን አዘጋጆች ዘንድሮ ጽሑፍ እንድሰጥ በጠየቁኝ ጊዜ ለእርስዋ በደጃፍ ላይ ያልጨረስሁትን ለሁላችሁም ልጽፈው ወደድሁ። በአገራችን ዛሬ ከአርባ የሚበልጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉና ከእናንተ ብዙዎቹ ከእናት ከአባታችሁ ርቃችሁ ወደማታውቁት አገር መሄዳችሁ አይቀርም። ስለ አንዱ በሚገባ ማወቅ ስለ ሌሎቹም ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

የሐረማያ ታሪክ የሚጀምረው ከአገራችን ውጭ፣ ከአንድ ሕግ ነው። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1862 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የፈረሙት አዋጅ ለየክፍለ ግዛቱ ከመንግሥት መሬት ተከፍሎ እንዲሰጥና መሬቱ ተሽጦ በገንዘቡ የእርሻና የእጅ ሙያ ኮሌጅ እንዲቆምበት የሚል ነበር። ከዚያ በፊት ኮሌጅ የሚባለው በአብዛኛው የባለጸጋ ልጆች፣ የወደፊት ቄሶችና ጠበቆች መሰብሰቢያ ስለ ነበረ የገበሬ ልጅ በበሩም አያልፍም ነበር። አዲሶቹ ኮሌጆች ግን ሦስት ሥራ ተሰጣቸው፤ ይኸውም ማስተማር፣ መመራመር፣ የተመራመሩትንም ወደ ገበሬው ማሳ ማድረስ ነው። አንባቢ ይህን ሦስተኛውን ሥራ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በዚህ ሕግ መንፈስ እ.ኤ.አ. በ1890 ስቲልዋተር በምትባል ትንሽ ከተማ የኦክላሆማ የእርሻና መካኒካል ኮሌጅ ተመሠረተ። የዚህ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት በ1942 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ ለአገሪቱ የእርሻ ትምህርት ይፈልጉ ነበር፤ ቤኔትም ያንኑ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። በዚያው ዘመን ፕሬዚዳንት ትሩማን በንግግራቸው አራተኛ ነጥብ አድርገው ያወጁት፣ በእኛም አገር «ፖይንት ፎር» እየተባለ የተጠራው የቴክኒክ ዕርዳታ ተጀምሮ ስለ ነበረ የዕርዳታው ኃላፊ ሆነው የተሾሙት እኒሁ ቤኔት ሆኑ። የሚያሳዝነው ግን የጀመሩትን አላዩትም። በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ሲጓዙበት የነበረው አውሮፕላን በኢራን አገር ከቴህራን አጠገብ ወድቆ ሞቱ። ውሉ የተፈረመው ከዚያ በኋላ፣ በግንቦት 1944 ዓ.ም. ነው።

በውሉ መሠረት መጀመሪያ የተከፈተው በ1945 ዓ.ም. የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ነበር። የኮሌጁም የመጀመሪያ ትምህርት የተሰጠው በዚሁ በጅማ ነው፤ ምክንያቱም በአለማያ (በዚያን ጊዜ ስሙ እንዲህ ነበር) ገና ቤት አልተሠራም ነበርና። በሰኔ 1946 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው አሜሪካን ሲጎበኙ እስከ ስቲልዋተር ድረስ ሄደው የወደፊቱን ኮሌጅ ሞዴል በዓይናቸው አዩ። የአለማያው ሕንፃ ሲደርስ ተማሪዎቹ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተዛወሩ፤ የመጀመሪያዎቹም ምሩቃን በ1949 ዓ.ም. ወጡ። ኮሌጁ በንጉሠ ነገሥቱ በይፋ የተመረቀው ግን ጥር 8 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ልጆቹ ከቤቱ ቀድመው ተመረቁ ማለት ነው።

ለምን አለማያ ተመረጠ? ንጉሠ ነገሥቱ የተወለዱበት ኤጀርሳ ጎሮ በዚያው በሐረርጌ በመሆኑ ነገሩን ከዚህ ጋር የሚያያይዙ ሰዎች አይጠፉም። በእኔ አስተያየት ግን ቦታውን አይቶ የሚያውቅ ሰው ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልገውም። ኮሌጁ ያለበት ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ይሆናል። ከዚያ ተነሥቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላው ድሬዳዋ ቆላ ላይ ይገኛል። በሌላው በኩል በሐረር አልፎ ወደ ባቢሌ ቢሄድ የኦቾሎኒው አሸዋማ መሬት ይቀበለዋል። ስንዴና ድንች፣ ማሽላና በቆሎ፣ ቡናና ጫት፣ ግመልና የሰባ ሰንጋ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ሁሉም ይታያሉ። ለእርሻ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ የለም።

የኦክላሆማ መምህራን እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ ቆይተው ሥራውን ለኢትዮጵያውያን አስረከቡ። በኮሌጁ ላይ የመጣውን ለውጥ በአጭሩ ልለፈው። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ኮሌጁ የዚያ ክፍል ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ተማሪዎቹ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተበተኑ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የሶማሊያ ጦርነት እስከ ሐረር ደጃፍ ደርሶ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ራሱን ችሎ «የአለማያ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ» ተባለ። በ1988 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርትና የጤና ትምህርት ሲጨመርበት «እርሻ» የሚለው ቃል ከስሙ ወደቀ፤ እኔም የገባሁት በዚህ በር ነው። በ1998 ዓ.ም. ስሙ ሐረማያ ሆነ። ይህ አዲስ ስም ሳይሆን የአገሩ ሰው ሁልጊዜ የሚጠራበት ነው። በኦሮምኛ «ሃሮ» ማለት ሐይቅ ነውና በስሙ ውስጥ ሐይቁ ይሰማል።

አሁን ወደ ኑሮው ልግባ፤ እናንተም የምትፈልጉት ይህንኑ ይመስለኛል።

ከአዲስ አበባ እስከ ሐረማያ 510 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእኔ ጊዜ አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ በአዋሽ በረሃ እያላበን፣ በአሰበ ተፈሪ ምሳ እያበላን፣ ሒርናንና ጨለንቆን አልፎ ቁልቢ ሲደርስ ይመሻል። ቁልቢ ላይ ቀዝቃዛው ነፋስ በመስኮት ሲገባ ያን ጊዜ ነው ሰው ሁሉ ሹራብ የሚፈልገው። እኔ ሐረርጌ ሁሉ ቆላ ነው ብሎ ያሳመነኝን ሰው እየረገምሁ በአንዲት ስስ ሸሚዝ ደረስሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሐረማያ ብርድ አጥንት ይሰብራል። የዶርም ጓደኞቼ ከተለያየ አገር የመጡ ነበሩ፤ አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከዚያው ከጋራ ሙለታ፣ ሌሎቹም እንዲሁ። የጎጃሙ ልጅ ጋቢ ይዞ ስለ መጣ የመጀመሪያውን ወር በእርሱ ጋቢ ሁለት ሆነን ተጠቀለልን። ማታ ማታ የጅብ ጩኸት ከአጥሩ ማዶ ይሰማል። የከተማ ልጆች መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጅቡ ሳይጮህ ሲቀር «ዛሬ ምን ነካው?» ማለት ይጀምራሉ።

ምግቡ በካርድ ነው። ጠዋት ሻይና ዳቦ፣ በቀትርና በማታ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፤ በተወሰኑ ቀኖች ሥጋ ይመጣል። የሥጋው ቀን ሰልፉ ከምግብ ቤቱ በር ወጥቶ ይጠመዘዛል። ወጡ ቀጭን ነው ብሎ የማያማ ተማሪ አላየሁም። ይሁንና ያንኑ ወጥ ከተመረቀ በኋላ የማይናፍቅም አላየሁም። ካርድ የጠፋበት ተማሪ ግን ወዮለት! የእኔ በሁለተኛው ዓመት ጠፍቶ አዲስ እስኪሰጠኝ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጓደኞቼ በየተራ እያካፈሉ አበሉኝ። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ባልንጀራ የተማርሁት ከማንኛውም ኮርስ ይልቅ በእነዚያ ዘጠኝ ቀኖች ነው።

ትምህርቱ ከባድ ነው ብዬ ላስፈራራችሁ አልሻም፤ ነገር ግን ልደብቃችሁም አይገባኝም። ከሁለተኛ ደረጃ «አንደኛ» እየተባለ የመጣ ልጅ በዚያ የሚያገኛቸው ሁሉ እንደ እርሱ አንደኛ የነበሩ ናቸው። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት መጨረሻ ውጤት ሲለጠፍ ከዶርማችን አንዱ ልጅ መባረሩን አየን። ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ እስከ በሩ ሸኘነው፤ የሚናገር አልነበረም። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። መጽሐፉን ሌሊት ሌሊት ሲያነብ አድሮ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ፣ ያልገባውንም ለመጠየቅ የሚያፍር ነበር። ከዚያ ወዲህ እኛ የቀረነው ያልገባንን እየተጠያየቅን በቡድን ማጥናት ጀመርን። ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ይህ ሆኖ አገኘሁት፤ አሁንም ለተማሪዎቼ የምነግረው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ሲመጣ ወደ ሐረር እንወርዳለን፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በመንገድ ላይ አወዳይ የሚባለው የጫት ገበያ አለ። ከዚያ ተጭኖ ጫቱ በዚያው ቀን ጅቡቲና ሶማሌ አገር ይደርሳል። ሐረር ከገቡ በኋላ በአምስቱ የጀጎል በሮች በአንዱ ገብቶ በጠባቡ መንገድ መጥፋት፣ የሐረር ቡና መጠጣት፣ ሲመሽ ጅብ ሲበላ ማየት ነው። ገንዘብ የሌለን ተማሪዎች በመሆናችን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብርጭቆ ሻይና አንድ እፍኝ ለውዝ ይበቃን ነበር።

ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የማስታውሰው ማሳውን ነው። እኛ የባዮሎጂ ተማሪዎች ነጭ ጋዋን ለብሰን ከላቦራቶሪ ስንውል የእርሻ ተማሪዎቹ ቦት ጫማ አጥልቀው ራሬ ከሚባለው የምርምር ጣቢያ ጭቃ በጭቃ ሆነው ይመለሱ ነበር። መጀመሪያ እናሾፍባቸው ነበር፤ በኋላ ግን ቀናንባቸው። አንድ እሑድ ከእነርሱ አንዱ ጓደኛዬ ከግቢው ውጭ ወዳለ ማሳ ወሰደኝ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ የረዘመ ማሽላ መካከል ቆመው ቀጭን ቀጭኑን እየነቀሉ በክንዳቸው ያቅፋሉ። ጓደኛዬ «አባባ፣ ለምን ይነቅሉታል?» ቢላቸው ከጎጆአቸው አጠገብ የታሰረውን በሬ አሳዩን። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን አብዝቶ ይዘራል፤ ሲያድግም እያሳሳ የነቀለውን ለበሬው በእጁ ያበላዋል። የታወቀው የሐረር ሰንጋ የሚሰባው በዚህ ዓይነት ነው። ጓደኛዬ ቀጥሎ በጣቢያው ስለሚሞከረው አጭርና ፍሬው የበዛ ማሽላ ነገራቸው። ሽማግሌው በጥሞና ሰምተው «ልጄ፣ ፍሬውን እኛ እንበላለን፤ በሬዬ ምን ይበላል? ሚስቴስ በምን ታበስላለች? ቤቴንስ በምን አጥረዋለሁ?» አሉት። ረጅሙ ማሽላ ሙይራ ይባላል። አገዳው መኖ፣ ማገዶና አጥር ነው። ጓደኛዬ በመንገድ ላይ ዝም ብሎ ቆይቶ «ይህ በፈተና ላይ አይመጣም» አለኝ።

ምርምሩ ከንቱ ነበር ለማለት አይደለም። ከአለማያ ጣቢያ የወጡ ዘሮች ስማቸው ራሱ ይመሰክራል፤ አለማያ 70 የሚባለው ማሽላ፣ አለማያ ኮምፖዚት የተባለው በቆሎ፣ አል-624 የተባለው ድንች ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው። ኮሌጁ በደብረ ዘይትም (ቢሾፍቱ) የምርምር ጣቢያ ነበረው። የጤፍ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመት ሁለት የጤፍ ዓይነት ማዳቀል አቅቷቸው የነበረው አበባው በጣም ትንሽ ከመሆኑም በላይ ራሱ በራሱ ስለሚራባ ነው። በመጨረሻ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ አቶ ታረቀ በርሄ፣ በኋላ ዶክተር፣ የጤፍ አበባ የሚከፈተው ማለዳ፣ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ መሆኑን አገኙ። ሌላው ሰው ቁርሱን ሲበላ አበባው ተከፍቶ ይዘጋ ነበር ማለት ነው። ከዚህ ወዲህ ጤፍ ማዳቀል ተቻለ። ዛሬ ገበሬው «ቁንጮ» ብሎ የሚዘራው ነጭ ጤፍ የተገኘው በዚሁ ጣቢያ ከተመረጡ ሁለት ዘሮች መዳቀል ነው።

ከኮሌጁ ምሩቃን ስማቸው በዓለም የታወቀው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ናቸው። ወለንኮሚ በምትባል መንደር በሣር ጎጆ ተወልደው፣ በጅማው የእርሻ ትምህርት ቤት አልፈው በ1965 ዓ.ም. ከአለማያ ተመረቁ። ከዚያም በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በሱዳን አገር በአፍሪካ የመጀመሪያ የተባለውን ዲቃላ የማሽላ ዘር ለገበሬ አበቁ። ትልቁ ሥራቸው ግን በአቀንጭራ ላይ ነው። አቀንጭራ አበባው ያማረ አረም ነው፤ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አያይዞ ውኃውንና ምግቡን ይመጠምጣል። አንዱ ተክል በአሥር ሺሕ የሚቆጠር አቧራ የመሰለ ዘር ይጥላል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይጠብቃል። የሚነቃውም በዝናብ ብቻ አይደለም። የማሽላው ሥር የሚያወጣው አንድ ኬሚካል ሲደርሰው ብቻ «ጎረቤት መጣ» ብሎ ይበቅላል። ፕሮፌሰር ገቢሳና የሥራ ጓደኞቻቸው ይህን ኬሚካል በጣም ጥቂት ብቻ የሚያወጡ የማሽላ ዓይነቶችን ፈልገው አገኙና ጠባያቸውን ወደ ጥሩ ዘሮች አሻገሩ። በእንዲህ ያለው ማሳ ላይ አቀንጭራው ጥሪ ሳይሰማ እንደ ተኛ ይቀራል። በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት በዚህ ነው።

አሁን ልቤን ወደሚያስጨንቀው ነገር እመጣለሁ። እኔ ስገባ ሐይቁ ነበረ። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያልቅ ወደ ዳርቻው ወርደን በሣሩ ላይ ተጋድመን እናጠና ነበር፤ ወፎቹ በውኃው ላይ ይሰፍራሉ፣ ዓሣ አጥማጆችም በታንኳ ያልፋሉ። ባዮሎጂ ተማሪ በመሆኔ በማሰሮ ውኃ እየቀዳሁ ወደ ማይክሮስኮፕ አመላልሻለሁ። ነገር ግን በዳርቻው ዙሪያ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ሌት ተቀን ይጮሁ ነበር። ቱቦዎቹ ወደ ጫቱ፣ ወደ ድንቹና ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ይሄዳሉ። ከዚህ ሌላ የሐረር ከተማ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚጠጣው የዚህን ሐይቅ ውኃ ነበር። ከተራቆተው ኮረብታም በየክረምቱ ደለል እየወረደ ወለሉን ይሞላዋል። ሐይቁ ጥልቀቱ ትንሽ፣ የሚገባበት ትልቅ ወንዝ የሌለው ነበር። ባለሞተሩን አንድ ገበሬ «አባቴ፣ ውኃው ቢያልቅስ?» ብዬ ብጠይቃቸው «እኔ ባልስበው ጎረቤቴ ይስበዋል» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም ጥሩ መልስ ያለኝ አይመስለኝም።

በ1997 ዓ.ም. ለሥራ ጉዳይ በዚያ ባለፍሁ ጊዜ ውኃ አልነበረም። እኛ ታንኳ ያየንበት ቦታ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ ከብቶችም ይግጡ ነበር። መኪናው ሲያልፍ ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ አለ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ እኔም ጠይቄዋለሁ። የአገሪቱ የመጀመሪያው የእርሻ ኮሌጅ፣ ዶክተሮቹና ፕሮፌሰሮቹ ሁሉ ከዳርቻው ተቀምጠው፣ ሐይቁ እንዴት በፊታቸው ደረቀ? ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። የዩኒቨርሲቲው የባዮሎጂ መምህር የነበሩት ብሩክ ለማ ለምሳሌ የዚህን ሐይቅ መጉደል ወንዝ ተጠልፎ ከተጨመረበት ከሖራ ኪሎሌ ጋር አነጻጽረው በ1995 ዓ.ም. ገደማ በውጭ አገር መጽሔት አሳትመዋል። ዕውቀቱ ነበረ ማለት ነው። የጎደለው ከላይ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ ያልሁት ሦስተኛው ሥራ ይመስለኛል። ኮሌጁ ሲመሠረት የእርሻ ትምህርትን ለገበሬው የማድረስ ሥራ የእርሱ ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. ገደማ ግን ይህ ሥራ ተነሥቶ ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ። ለአስተዳደር ይመች ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ መምህሩ የሚያውቀውን የሚጽፈው ለሌላ መምህር ሆነ። ገበሬው ደግሞ ሞተሩን የሚገዛው ከነጋዴ፣ ምክሩን የሚሰማው ከጎረቤቱ ሆነ። እርግጥ ነው ጥፋቱን ሁሉ በዚህ ላይ መጫን አይገባም፤ የጫት ዋጋና የሕዝቡ መብዛት ከማንኛውም መምህር ድምፅ ይበረታሉ። ሆኖም ሽማግሌውን በማሽላው መካከል ያገኘነው እኛ ነን እንጂ ኮርሱ አይደለም፤ እርሱም በአጋጣሚ፣ በእሑድ ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነው። ሐረር ውኃዋን ከድሬዳዋ በኩል ከጉድጓድ መሳብ ጀመረች። ዩኒቨርሲቲውና የአካባቢው ሕዝብ በኮረብታው ላይ እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል ያዙ፤ ዝናቡም በርከት አለ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሐይቁ ተመለሰ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሄጄ አይቼዋለሁ። የድሮውን ያህል አይመስለኝም፤ ወፎቹ ግን መጥተዋል። ከዳርቻው ብዙ ሰው ቆሞ እንደ እኔ ዝም ብሎ ያያል። ሞተሮቹም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጨርሰው አልጠፉም።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ እኔ ከማውቀው እጅግ ሰፍቷል። ሐኪሞቹን በሐረር ከተማ በሕይወት ፋና ሆስፒታል ያሠለጥናል፤ የራሱ ራዲዮ ጣቢያ አለው፤ በጭሮ (የድሮዋ አሰበ ተፈሪ) የነበረው ቅርንጫፉ አድጎ ዛሬ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። የእኛ ዶርም ግን አለ። ቀለሙ ተለውጧል፤ የመስኮቱ ክፍተት ያው ነው፣ ብርዱም ያው ነው።

ያቺ ያለቀሰችው ተማሪዬ ከመሄዷ በፊት ሁለተኛ ጊዜ መጥታ ነበር። በዚህ ጊዜ እናቷም አብረዋት ነበሩ። እኔም የነገርኋቸው ይህ ነው፤ ብርድ ልብሱን ከዚያ እገዛለሁ አትበይ፣ ጋቢ ያዢ። የምግብ ካርድሽን ፎቶ ኮፒ አድርገሽ አስቀምጪ። ያልገባሽን በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቂ። ጥቂት ኦሮምኛ ተማሪ፤ «አካም ጅርቱ» ብለሽ ሰላምታ የሰጠሻቸው እናት ካለሽበት ሁሉ ይጠሩሻል። እናቷ «የኔ ወንድም፣ ለመሆኑ የሚያስታምም ሰው አለ?» አሉኝ። እኔም ስለ ዘጠኙ ቀኖችና ስለ ጠፋው ካርዴ ነገርኋቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው ወደ ልጃቸው ዞሩና «እንግዲያው ጋቢው ሰፊው ይሁን፤ ለሁለት የሚበቃው» አሏት።